በእትዬ አመለወርቅ ክትፎ ያመካኘሁት

ይህን ነገር ከአፌ የሰማ ሰው የለም። ሚስቴ አልሰማችም። የንስሐ አባቴም አልሰሙም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ፊታቸው ቀርቤ ትንንሹን ኃጢአቴን ስዘረዝር፣ ይህኛውን ግን ጉሮሮዬ ላይ እንደያዝኩት ተመልሻለሁ። አሁን ለእርስዎ የምነግረው ስለማላውቅዎት ነው። ፊትዎን አላይም፤ እርስዎም ፊቴን አያዩም። ይህም ራሱ ፈሪነት መሆኑን አውቃለሁ።

ነገሩ ሲነገር ሊያስቅ ይችላል። ምን አደረግህ ቢሉኝ፣ ቤቴ ውስጥ ሎብስተር የሚሉትን የባሕር እንስሳ ጭራ ጠበስኩ ነው የምልዎት። ሰው በዚህ ይኮነናል? እኔ ግን ተኮንኛለሁ። የጠበስኩት እኔ ነኝ። መበላሸቱን እያወቅሁ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ የጣልኩትም እኔው ነኝ።

ስሜ ተሾመ ይባላል። የምንኖረው ከሳን ፍራንሲስኮ ማዶ ኦክላንድ ነው፤ ወደ ኮረብታው በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ጋራዥ ያለው ትንሽ ቤት ተከራይተን። ሥራዬ ሹፍርና ነው፣ ከኤርፖርት ሰው አመላልሳለሁ። ሚስቴ ሰናይት ያኔ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት እየሠራች፣ በጎን ለዓመታት እየተማረች፣ በመጨረሻ የነርስነት ፈተናዋን አለፈች። ውጤቱን ስልኳ ላይ ስታይ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ግን እንባዬ ሁሉ የደስታ አልነበረም፤ ይህንንም ልናዘዝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ነርስ ናት፣ እኔ ያው ሹፌር ነኝ። ከጓደኞቿ ጋር ስታወራ የማይገባኝ ቃል በዛብኝ። አነስኩ። ማንም አላሳነሰኝም፤ እሷማ ጭራሽ። ራሴ ነኝ ያነስኩት።

ስለዚህ ትልቅ ነገር ላደርግላት ፈለግሁ። አንድ ቀን የጫንኩት መንገደኛ ለሚስቱ ልደት ቤቱ ውስጥ ሎብስተር እንደሠራላት ሲያወራኝ ነበር። ሬስቶራንት መሄድ አያስፈልግም፣ ፍሮዝን፣ በረዶ የሆነውን ጭራ ትገዛለህ፣ ዛጎሉን በመቀስ ትሰነጥቃለህ፣ ቅቤ ቀብተህ ኦቨን ውስጥ ትከታለህ፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም አለኝ። አሠራሩን የሚያሳይ ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁ። ከዚያ አሥራ ሁለት ጭራ ያለበት አንድ ካርቶን ገዛሁና፣ ሰናይት እንዳታየው ጋራዥ ውስጥ ባለው ፍሪዘር፣ ከዶሮው ሥር ደበቅሁት። ለሁለት የሥራ ጓደኞቿ ደውዬ፣ ቅዳሜ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰርፕራይዝ አለ፣ ሎብስተር ነው የማበላችሁ አልኳቸው። ድምፄ ውስጥ ኩራት ነበር። አሁንም ይሰማኛል ያ ድምፅ።

በመሃሉ ያ ደረቅ ንፋስ ተነሣ። እኛ ሰፈር ንፋሱ ሲበረታ የመብራቱ ሽቦ ኮረብታው ላይ እሳት እንዳያስነሣ ተብሎ መብራት ያቋርጡብናል። በዚያን ጊዜ ሁለት ቀን ተኩል ጠፋ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ስገባ ከፍሪዘሩ ሥር ውሃ ወጥቶ ሲሚንቶው ላይ ተኝቷል። ዶሮውን አወጣሁና ጣልኩት። ካርቶኑን ከፈትኩ። አንዱን ጭራ በጣቴ ስጫነው ሥጋው እንደ ሕፃን ጉንጭ ገባልኝ። ለብ ብሎም ነበር። ካርቶኑ ጎን ላይ፣ አንዴ ከቀለጠ መልሰው አያቀዝቅዙ የሚል በደማቁ ተጽፎበታል። አላየሁም ብዬ ልዋሽ አልችልም። ቆሜ አነበብኩት። ዶሮውን የጣልኩ ሰውዬ ሎብስተሩን መልሼ ከደንኩበት።

ደግሜ መግዛት አልችልም ነበር ወይ? እችል ነበር። ሰዎቹን ደውዬ፣ በቃ ጥብስ ነው የምንበላው ማለት አልችልም ነበር ወይ? እችል ነበር። ታዲያ ለምን? ይህን ጥያቄ ሰባት ዓመት ጠይቄዋለሁ፣ የማገኘው መልስ ግን አንድ ብቻ ነው፦ ምንም አይሆንም ብዬ ነው። መብራቱ መጣ፤ ጭራዎቹ ተጣብቀው አንድ ድንጋይ ሆኑ፤ እኔም ያየሁትን እንዳላየሁ ሆንኩ።

ቅዳሜ ምሳ ላይ የመጡት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሁለቱ የሰናይት ጓደኞች። ጋሽ ደምሴ፤ ሽማግሌ ሆነው ሰናይትን የጠየቁልኝ እሳቸው ናቸው፣ ስኳር ነበረባቸው፣ ቀልዳቸው ግን አይጠገብም። እና እትዬ አመለወርቅ። ሰናይት ከሱዳን የስደተኛ ካምፕ እዚህ አገር ስትገባ ማንንም አታውቅም ነበር፤ እትዬ አመለወርቅ ናቸው ሳሎናቸው ውስጥ አንድ ዓመት ያስቀመጧት። ባልም ልጅም የላቸውም። ኦክላንድ ውስጥ ክትፎ ማለት እሳቸው ነበሩ። ለክርስትና፣ ለምርቃት፣ ለመልስ፣ ሰው ሁሉ ለእሳቸው ነው የሚደውለው። ሥጋውን ራሳቸው መርጠው፣ ጅማቱን አንድ በአንድ ለቅመው፣ በእጃቸው ነው የሚከትፉት፤ ማሽን አያስነኩም። የዚያን ቀንም ማንም ሳያዛቸው፣ ለልጄ ደስታ ብለው ክትፎና አይብ ይዘው መጡ።

ሰናይት ጠዋት ልጃችንን ይዛ ፀጉሯን ልትሠራ ወጥታ ነበር። እኔ ያንን ድንጋይ ሲንኩ ውስጥ ሙቅ ውሃ ለቅቄበት ነጣጠልኩት። ገና ሲላቀቅ ሽታው መጣ፤ አፍንጫን ጫር የሚያደርግ፣ የበረኪና ዓይነት። ቆምኩ። ይህችን ቅጽበት እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ቆሻሻ መጣያው እግሬ ሥር ነበር። ማንም አላስገደደኝም። እኔ ግን አጠብኩት። ሎሚ ጨመቅሁበት። ነጭ ሽንኩርቱን አብዝቼ ከቅቤ ጋር አቀለጥኩ። አሁንም ሲሸተኝ ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት። ሚጥሚጣው ለጣዕም አልነበረም፤ ሽታውን እንዲደብቅልኝ ነው።

ዛጎሉን ከላይ በመቀስ ሰነጠቅሁ፤ ሥጋውን እንደ ቪዲዮው አንሥቼ ዛጎሉ ጀርባ ላይ አስተኛሁት፤ ከኦቨኑ የላይኛው እሳት ሥር አስገባሁት። ከላይ ቶሎ ቀላ። አንዱን በሹካ ከፈት ሳደርገው መሃሉ ገና መስታወት ይመስላል፤ አልበሰለም። ሳሎን ሰዎቹ ተቀምጠዋል፣ ሰናይት ገብታ እየሳቀች ነው፣ ሽታው እንዳይታወቅብኝም ቸኩያለሁ። አወጣሁት።

ሳህኑን ይዤ ስወጣ አጨበጨቡልኝ። ሰናይት አፏን በእጇ ያዘች። "ተሾመ! አንተ ነህ ይህን የሠራኸው?" አለች። ከተጋባን እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

እትዬ አመለወርቅ እየሳቁ፣ "እኔ ይሄን የባሕር ጊንጥ አልነካም ልጄ፣ ለእናንተ ይሁን" ብለው ወደ ክትፏቸው ዞሩ። ጋሽ ደምሴ ግን ሁለት አነሡ። "አሥራ አንድ ዓመት የዚህን ነገር ሳህን አጥቤያለሁ" አሉ፤ ሳን ፍራንሲስኮ ወደቡ ዳር ያለ የዓሣ ምግብ ቤት ሳህን አጣቢ ነበሩ። "ሽታውን አውቀዋለሁ፤ ጣዕሙን ግን ዛሬ ገና ላውቀው ነው።" ጣታቸውን እየላሱ በሉት። ከክትፎውም ቀመሱ።

ልጄ ናርዶስ ያኔ አሥር ዓመቷ ነው። ጥሬ ሥጋ ስታይ አፍንጫዋን የምትይዝ ልጅ ናት፤ ክትፎውን ዞር ብላም አላየችው። አንድ ሙሉ ጭራ በላች፤ ከዚያ የእኔንም ሰጠኋት። የእኔን ለምን ሰጠኋት? ሆዷ ይጥገብ ብዬ ነው? አይደለም። እኔ ጫፏን ብቻ ነው የቀመስኩት። ለራሴ የፈራሁትን ለልጄ ሰጠሁ።

እሑድ ማለዳ ናርዶስ ታጥፋ አገኘኋት። ሰናይት መታጠቢያ ቤቱን ይዛ መቆም አቅቷታል። ሁለቱ ጓደኞቿ ደወሉ፤ እነሱም እንደዚያው። ጋሽ ደምሴን ጎረቤታቸው ወለል ላይ አግኝቷቸው በአምቡላንስ ተወስደዋል። ሰውነታቸው ውስጥ ያለው ውሃ አልቆ ኩላሊታቸው ተጎድቷል ተባለ። እኔ ምንም አልሆንኩም። እኔንም አሞኛል አልኳቸው። ሆዴን ይዤ ሳሎን ውስጥ ተንጎራደድኩ።

ከዚያ አንደኛዋ የሰናይት ጓደኛ ስልክ ላይ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ "ክትፎው ነው፣ ጥሬ ሥጋ ነበር እኮ" አለች። እኔ ምን እንዳደረግሁ ያውቃሉ? እፎይ አልኩ። ልጄ አልጋ ላይ እያቃሰተች፣ ሽማግሌዬ ሆስፒታል ተኝተው፣ ደረቴ ቀለል አለኝ። ከዚያ የሎብስተሩን ዛጎልና ካርቶኑን በሁለት ፌስታል አስሬ፣ መድኃኒት ልገዛ ነው ብዬ ወጣሁና ከአንድ ነዳጅ ማደያ ጀርባ ያለ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኩት። የታመመው ሰው ውሃ የሚያቀብለው አጥቶ ሳለ እኔ ዛጎል እደብቅ ነበር።

ሰናይት ሲሻላት ነርስ ናትና ጠየቀችኝ። "ሎብስተሩን መቼ ነው የገዛኸው?"

"ዓርብ" አልኳት። አንድ ቃል ናት። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ ታምነኝ ነበር።

እትዬ አመለወርቅ ሆስፒታል ሄደው፣ "እኔም እኮ ክትፎውን በልቻለሁ፤ ከሁላችሁም አብልጬ በልቻለሁ፤ ምንም አልሆንኩም" ብለው ነበር። የሰናይት ጓደኞች፣ "እርስዎማ ሆድዎ ለምዶታል እትዬ" አሏቸው። እሳቸው ዝም አሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። እኔም ዝም አልኩ።

ማክሰኞ ከጤና ቢሮ አንዲት ሴት ደወለች። ብዙ ሰው በአንድ ማዕድ ከታመመ እንዲህ ይጠይቃሉ። ማን ምን በላ፣ ስንት በላ፣ መቼ ታመመ እያለች አንድ በአንድ ትጽፋለች። ናርዶስ ብርድ ልብስ ተከናንባ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ሴትየዋ፣ ልጅህስ ምን በላች አለችኝ። ይህ ጥያቄ ነው ሁሉ ነገር። ልጄ ሎብስተር እንጂ ክትፎ አልበላችም ብዬ እውነቱን ብናገር፣ ሴትየዋ በዚያው ደቂቃ ይገባት ነበር። እኔም ያ ስለገባኝ፣ "ሁለት ጉርሻ ክትፎ በልታለች" አልኩ።

"ዳዲ፣ ባት አይ ዲድንት" አለች ናርዶስ። አልበላሁም እኮ ማለቷ ነው። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። ዓይኖቿ ሰፉ። ስልኩን ስዘጋ አጠገቧ ተቀመጥኩና ፀጉሯን እየዳበስኩ፣ "ሰው እንዳይጨነቅ ብዬ ነው፤ ማሚም ብትጠይቅሽ ሁለት ጉርሻ በልቻለሁ በያት" አልኳት። "እሺ" አለች። ለእኔ ብላ ለእናቷም ተናገረችው።

ልጄን መዋሸት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሌላው ኃጢአቴ ሁሉ በዚህ ሥር ነው።

የጤና ቢሮ ሰዎች እትዬ አመለወርቅ ቤት ሄዱ። ከእንግዲህ ከዚህ ወጥ ቤት ለሰው ምግብ እንዳይወጣ ብለዋቸው ተመለሱ። ወሬው እነሱን ቀድሞ ኦክላንድን አዳርሷል፤ በርክሌም ሪችመንድም ደርሷል። የክርስትና ድግስ ያዘዙ ሰዎች ይቅርብን አሉ። ሰናይት እንኳ፣ እናቴ ናቸው የምትላቸው ሴት ሲደውሉ ስልኩን እያየች መተው ጀመረች። "ለጋሽ ደምሴ ለብ ለብ አድርጉላቸው ብያቸው ነበር እኮ" እያለች ታለቅስ ነበር። እኔ እያባበልኩ ጀርባዋን አሻት ነበር።

አሁን ወደማልፈልገው ቦታ ደርሻለሁ። ቢቻለኝ እዘለው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ አመለወርቅ ቤታችን መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ነው የለበሱት። ተቀመጡ ስንላቸው አልተቀመጡም። "ከሥጋው ይሁን ከእጄ እንጃ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አሉ። "መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። ልጅቷም ሁለት ጉርሻ ብቻ በልታ እንደዚያ ከሆነች ግን፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?" ከዚያ ናርዶስ እግር ሥር ጎንበስ አሉ፤ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት የአሥር ዓመት ልጅ እግር ሊስሙ። "ይቅር በይኝ የኔ እናት፣ ልገድልሽ ነበር" አሏት።

ናርዶስ ወደ እኔ ዞረች። አንድ ቃል ብቻ ነው የጠበቀችው። ንገራቸው ነው የምትለኝ። ልጅ ነበረችና አባቷ አሁን ይናገራል ብላ ታምን ነበር። እኔ ተነሣሁ። እትዬ አመለወርቅን በክንዳቸው ይዤ ቀና አደረግኋቸው። እና፣ "ይተዉ እትዬ፣ ሰው ነዎት፣ ይሳሳታሉ፤ ይቅር ብለናል" አልኳቸው።

ይቅር ብለናል አልኩ! እኔ! ይህን የተናገርኩበትን አፍ ምን ላድርገው? እጄን ይዘው ሳሙት። ናርዶስ ሮጣ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ሰናይት፣ "ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው" አለች።

የጋሽ ደምሴ ኩላሊት አልተመለሰም። ስኳሩ ቀድሞም እየጎዳው ነበር ብለዋል ሐኪሞቹ፤ ይህን የምጽፈው ራሴን ለማዳን አይደለም፣ የሰማሁትን ላለመደበቅ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸው በማሽን ይጣራ ጀመር። የሚያመላልሳቸው ማን ነበር? እኔ መኪና ያለኝ ሹፌር? አንድም ቀን አላመላለስኩም፤ ሥራ ነው እል ነበር። እትዬ አመለወርቅ ናቸው። ሁለት አውቶቡስ እየቀየሩ፣ የጋሽ ደምሴን ክንድ ይዘው፣ አራት ሰዓት አጠገባቸው ተቀምጠው፣ ይዘዋቸው ይመለሳሉ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር። ቅጣታቸው ነው ብለው የወሰዱት። የእኔን ቅጣት ተቀጡልኝ።

አንድ ቀን ሰናይት አስገድዳኝ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ ከስተው አልጋው ውስጥ ጠፍተዋል። ከጎናቸው እትዬ አመለወርቅ ብርቱካን ይልጣሉ። ጋሽ ደምሴ እጄን ጨብጠው፣ "ያ ሎብስተር ግን ተሾመ" አሉ ፈገግ ብለው፣ "ጣዕሙ አሁንም አፌ ላይ ነው። እግዜር ይስጥህ፤ ሳልቀምሰው ልሞት ነበር።" እትዬ አመለወርቅ አንገታቸውን ደፉ። በመርፌ ቢወጉኝ ይሻል ነበር። በማግስቱ እናገራለሁ ብዬ ወጣሁ። በማግስቱም አልተናገርኩም። ጋሽ ደምሴ በክረምቱ ሞቱ። መቃብራቸው ላይ አፈር የመለስኩት ከፊት ቆሜ ነው።

እትዬ አመለወርቅ ከዚያ በኋላ ለሰው አብስለው አያውቁም። መክተፊያቸውንና ቢላቸውን ለማን እንደሰጡት አላውቅም። ሳን ሆዜ የእህታቸው ልጅ ጋ ገቡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ሆቴል አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ። ሰው ቤት ሲጋበዙ ወጥ ቤት እንደማይገቡ፣ ሰላጣ እንኳ አቀብሉን ሲሏቸው እጃቸውን ወደ ኋላ እንደሚያደርጉ ሰማሁ። ይህን ስሰማ ምን አልኩ? ያሳዝናል አልኩ። እንደ ማንኛውም ሰው፣ ያሳዝናል።

ናርዶስ አደገች። እኔ የሠራሁትን ምግብ አትበላም፤ ጠግቤያለሁ ትላለች፣ እናቷ ቀጠን ለማለት ነው ትላታለች። ከእኔ ጋር የምታወራው በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም ከሦስት ቃል አይበልጥም። ዘንድሮ አሥራ ሰባት ሞላት። ከሁለት ወር በፊት ትምህርት ቤት ነኝ ብላ ከጓደኞቿ ጋር ባሕር ዳርቻ መዋሏን ደረስኩበትና ተቆጣኋት። "መሄድሽ አይደለም የሚያናድደኝ፤ ውሸት ነው። እኔ ውሸት አልወድም" አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ቀስ ብላ ቀና አለች። አማርኛዋ ሲሰበር ነው የማውቀው፤ የዚያን ቀን ግን አንድም ቃል አልተሰበረባትም። "ውሸትማ ያስተማርከኝ አንተ ነህ" አለችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻዋን ባቡር ይዛ ሳን ሆዜ ሄደች።

ይህን ያወቅሁት ስልኬ ላይ በተተወ መልእክት ነው። ድምፃቸውን ዓመታት አልሰማሁትም ነበር። "ተሾመ፣ አመለወርቅ ነኝ። ናርዶስ መጥታ ነበር። የነገረችኝን ነግራኛለች። አንተ ሰው ሆነህ ከአፍህ እንድሰማው እፈልጋለሁ። ና።" ይህ ብቻ ነው። አልተሳደቡም።

ሄድኩ። ሥራ ሳልገባ በጠዋት ተነሥቼ፣ በዩኒየን ሲቲ በኩል ስወርድ ቃሎቹን እየደጋገምኳቸው ነበር። እትዬ፣ ክትፎው አልነበረም። እትዬ፣ ክትፎው አልነበረም። ፎቁን ወጥቼ በሩን ሳንኳኳም አፌ ላይ ነበሩ።

አርጅተዋል። ጉንጬን ሳሙኝ። ሻይና ዳቦ አቀረቡልኝ፤ ዳቦው ከሱቅ የተገዛ ነው። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"መንገዱ እንዴት ነበር?" አሉኝ።

ስለ ትራፊኩ ነገርኳቸው።

"ሌላስ?" አሉ።

የሰናይት ሥራ ብዙ እንደሆነ፣ ወደ ሌላ ክፍል እንደቀየሯት ነገርኳቸው።

"ሌላስ?"

ዝናቡ ዘንድሮ ቀደም ብሏል አልኳቸው። ኤርፖርቱ መንገድ እየተቆፈረ ነው አልኳቸው። ሻዩ ቀዘቀዘ። ለሦስተኛ ጊዜ፣ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ "ሌላስ ተሾመ?" አሉኝ። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም። እንዲያ በሩን ወለል አድርገው ከፍተውልኝ እኔ መግባት አቃተኝ። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ ልበል? አይደለም። ምላሴማ ስለ ዝናብ ያወራ ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት።

"ሥራ ረፈደብኝ" ብዬ ተነሣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳስነሣ መስኮቱ ተንኳኳ። ደረጃውን በዚያ ጉልበታቸው ወርደው፣ በነጠላ ጫማ ቆመዋል። መስታወቱን አወረድኩ።

"የመጣህበትን ሳትነግረኝ ነው የምትሄደው?" አሉኝ።

"ሌላ ቀን እመጣለሁ እትዬ።"

"እኔ ብናገር ለራሷ ብላ ነው ይሉኛል። አንተ ነህ መናገር ያለብህ" አሉ። እጃቸው መስኮቱ ላይ ነበር። ጠበቁ። እኔ መሪውን እንደያዝኩ ፊት ለፊት አየሁ። ከዚያ እጃቸውን አነሡ። "እሺ" አሉ። ነዳሁት። በስፖኪዮ አላየኋቸውም፤ ለማየት አልደፈርኩም።

ይህ ከሆነ አምስት ሳምንት አለፈው። እሳቸው ለማንም አልተናገሩም። ናርዶስም ለእናቷ አልተናገረችም። ሁለቱም እኔን እየጠበቁ ነው፤ እኔ ደግሞ ኤርፖርቱ ማቆሚያ ውስጥ መንገደኛ እየጠበቅሁ ይህን ለእርስዎ እጽፋለሁ። ነገ እሄዳለሁ ብዬ ቃል አልገባልዎትም። ነገ የምትለዋን ቃል ስንት ጊዜ እንዳቆሸሽኳት አይተዋል። ከጻፍኩት ግን እንደ ዛጎሉ ከማደያ ጀርባ ወስጄ ልጥለው አልችልም ብዬ ነው። ለእርስዎ ከምልከው ሌላ አንድ ቅጂ ማታ ታጥፎ የሰናይት ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ጠዋት ሥራ ልትሄድ ስታነሣው ታገኘዋለች። ይህን ያህል እንኳ በቃሌ ሳይሆን በወረቀት ነው የምችለው።

እርስዎን ይቅርታ አልጠይቅም። የበደልኩት እርስዎን አይደለም። ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ልጅነት ነው፣ ሰይጣን ነው አልልም። እኔ ነኝ። ጋሽ ደምሴ ሊሰሙኝ አይችሉም። ለቀሩት ግን፣ አፌ እስኪፈታ ድረስ፣ ከሰባት ዓመት በፊት ስልክ ላይ መናገር የነበረብኝን ይኸው፦

ልጄ ክትፎ አልበላችም። የእትዬ አመለወርቅ ክትፎ ንጹሕ ነበር። ሰዎቹን ያሳመምኳቸው እኔ ነኝ።